ሹፌሩ ለምን ሳቀ? ስለ ግሬም ግሪን «አፍራሾቹ» ጥያቄና መልስ

በእንግሊዛዊው ደራሲ በግሬም ግሪን አጭር ልቦለድ «ዘ ዲስትራክተርስ» ላይ ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ ብዬ ነበር፤ በርከት ብሎ መጣ። ርእሱን «አጥፊዎቹ» ሳይሆን «አፍራሾቹ» ያልኩት አውቄ ነው። ማጥፋት የማንም ነው፤ ማፍረስ ግን የግንበኛ ቃል ነው። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ላላነበብነው ታሪኩን ባጭሩ ቢነግሩን?

መልስ፦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ቦታው ለንደን፣ ዎርምስሊ ኮመን የሚባል ሰፈር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጠራርጎት የመኪና ማቆሚያ በሆነ ባዶ ቦታ ላይ የልጆች ቡድን ይሰበሰባል። አጠገቡ አንድ ጥንታዊ ቤት፣ ጎረቤቶቹ ወድመው፣ በእንጨት ተደግፎ ቀርቷል። ባለቤቱ ሚስተር ቶማስ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቹ «አያ መከራ» እንደማለት ያለ ቅጽል አውጥተውላቸዋል። «ቲ» የሚባል አዲስ ልጅ ቤቱን ከውስጥ ጀምረን እናፍርሰው ይላል። ሽማግሌው ለበዓል ሲወጡ ሁለት ቀን ይሠራሉ። ሳይታሰብ ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ባለው ሽንት ቤት ይቆልፉባቸዋል። በነጋታው አንድ ሹፌር ከባድ መኪናውን ሲያንቀሳቅስ፣ ለካ ከቤቱ ድጋፍ ጋር በገመድ ታስሯል፤ ቤቱ ይደረመሳል። ሹፌሩ ይስቃል።

ጥያቄ፦ ጭብጡ «ጦርነት ልጆችን ያበላሻል» ነው ብዬ ጽፌ ግማሽ ማርክ አገኘሁ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም፤ ደጃፉ ላይ ቀረሽ እንጂ። ልጆቹኮ ጦርነቱን አያውቁትም! የቡድኑ አለቃ ብላኪ ቦምቡ ሲወድቅ ሰምቻለሁ እያለ ይፎክራል። ተራኪው ደግሞ ለኛ ብቻ ሹክ ይለናል፦ ያኔ ብላኪ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበር፣ ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተኝቶ። ከጓደኞቹ ዓመቱን ቆጥሮ የሚያፋጥጠው የለም። ለንደን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1940 እስከ ግንቦት 1941 ስትደበደብ የተረፋቸው ትዝታ ሳይሆን ፍርስራሽ ነው። ሲገነባ ያዩት ነገር የለም፤ ሲፈርስ ግን ተወልደው አድገውበታል።

ሁለተኛውን ጭብጥ ብትጨምሪ ኖሮ ሙሉ ታገኚ ነበር፤ እሱም መደብ ነው። የቲ አባት አርክቴክት ነበር፣ አሁን ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሯል። እናቱ ራሷን ከጎረቤት በላይ ታያለች። ቲ ስለ ቤቱ «ቆንጆ ነው» ሲል ብላኪን የሚረብሸው ይህ ቃል ነው። ቃሉ የነሱ አይደለም፤ የባለ ኮፍያዎቹ፣ የባለ ደህና ኑሮዎቹ ነው። ቲ የሚያፈርሰው ቤት ከራሱ ቤተሰብ እጅ ያመለጠውን ዓለም ይመስላል። በኔ ንባብ ይህ ከቦምቡ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ «ቲ» ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ትሬቨር። ሙሉውን ከጠሩት መሳቅ ሊኖርባቸው ነው፤ የሀብታም ልጅ ስም ይመስላላ።

ጥያቄ፦ ምፀት ከኛ ሰምና ወርቅ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሰምና ወርቅ አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ፍች ያሳድራል፤ ኅብረ ቃሉን ካገኘህ ወርቁ ይወጣል። ምፀት የሚቀመጠው በሚባለውና በሚሆነው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር እናት «ጎሽ የኔ ጎበዝ!» ስትል ቃሉ ሁለት ፍች የለውም፤ ከሆነው ነገር ጋር ተጣላ እንጂ። ይህ የአነጋገር ምፀት ነው። ግሪን ግን ብዙውን የሚሠራው በሁኔታ ነው፦ ማንም ምንም ሳያሽሟጥጥ ሁኔታው ራሱ ያሽሟጥጣል።

ጥያቄ፦ እስቲ ከታሪኩ ምሳሌ ይስጡን።

መልስ፦ ቤቱን የሠራው ሬን ነው ይባላል፤ ክሪስቶፈር ሬን፣ ከ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ በኋላ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል መልሶ የገነባው። ቦምብ ያልጣለውን የሬንን ቤት የአርክቴክት ልጅ ይጥለዋል።

ሽማግሌውን ደግሞ እይ። በሙያቸው ግንበኛና ቀለም ቀቢ ነበሩ። የቤታቸው ቧንቧ ከቦምቡ ወዲህ ተበላሽቷል። ቀለሙን ራሳቸው ይቀባሉ፤ የቧንቧ ሥራ ግን አልተማሩም፣ ለባለሙያ ከፍለው ማሠራቱንም ሰስተዋል። ስለዚህ ውጭ ወዳለችው ሽንት ቤት ይመላለሳሉ። የተቆለፈባቸውም እዚያው ነው። የቆጠቧት ገንዘብ ወጥመድ ሆነች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሥራው ነው። ልጆቹ መጋዝና መዶሻ ይዘው በሰዓታቸው ይመጣሉ፣ ክፍል ይከፋፈላሉ፣ የወለሉን ሳንቃ ይነቅላሉ፣ ቲ ይቆጣጠራል። ተራኪው አዲስ ነገር እንደሚፈጥር ሰው በቁም ነገር ይሠሩ ነበር ይላል። ብዙ የግንባታ ሳይት እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ቢኖረው ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ ፍራሽ ውስጥ ያገኙትን ገንዘብ ለምን አልወሰዱትም? ድሆች አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ የሚስተር ቶማስ ቁጠባ ነው፣ 70 ፓውንድ፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ። አንድ በአንድ ያቃጥሉታል። ቢወስዱት ሌቦች ይሆኑና እፎይ እንል ነበር፤ ሌባን እናውቀዋለን። ብላኪ «በጣም ትጠላቸዋለህ?» ሲለው ቲ አልጠላቸውም ይላል፤ ብጠላቸው ምን ደስታ አለው? ጥላቻና ፍቅር ለሱ ባዶ ወሬ ናቸው፣ ያለው ዕቃ ብቻ ነው። የሚያስፈራው ይህ ነው። ቂም ቢኖር ይቅርታ ይጠየቅበታል፤ እዚህ ግን የሚታረቁት ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ብርድ ልብስና ምግብ ሰጧቸው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛ ያግዘናል። በሽንት ቤቱ ቀዳዳ ብርድ ልብስና ቅቤ የተቀባ ዳቦ ያቀብሏቸዋል፤ እንዳይራቡም እንዳይበርዳቸውም። «ሚስተር ቶማስ» እያሉ ነው። ወደ አማርኛ ብትመልሺው «አንተ» ትያለሽ ወይስ «እርስዎ»? እንግሊዝኛው ከዚህ ምርጫ ገላግሎታል። እኔ ያለ ማመንታት «እርስዎ» እላለሁ፦ «እንዳይበርድዎ፣ ይኼን ይደርቡ።» ቤታቸውን እየናዱ ማለት ነው። በ«አንተ» ቢሆን ተራ ባለጌነት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ኮከብ ቆጠራው ሚና አለው?

መልስ፦ ትንሽ ቀልድ ነው። ሚስተር ቶማስ በኮከብ ቆጠራቸው ለሳምንቱ አደጋ ተነግሯቸዋል፤ አደጋው ሲመጣ ግን በገዛ እግራቸው ይገቡበታል።

ጥያቄ፦ ሹፌሩ መሳቁ አበሳጨኝ። ደራሲው ጨካኝ ነው?

መልስ፦ እኔንም መጀመሪያ አበሳጭቶኝ ነበር። ሚስተር ቶማስ «እንዴት ትስቃለህ?» ይላሉ። ሰውየው በእርስዎ ለማለት አይደለም፣ ግን ማሳቁን ይመኑ ይላቸዋል። ከልቡ መጥፎ አይደለም፤ በሩን የከፈተላቸውም እሱ ነው። ግን ለሱም ቤቱ ዕቃ ነው፤ ሳያውቀው የቲን ሐሳብ ይደግማል። ተማሪዎቼ እዚህ ገጽ ሲደርሱ ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ወዲያው ያፍራሉ። ግሪን ወጥመዱን የዘረጋው ለሹፌሩ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ደጋግመው የሚያነቡት ቦታ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሹፌሩ የጩኸቱን ድምፅ ተከትሎ የሚሄድበት። በዚያ የጡብ በረሃ ውስጥ ቤት የሚመስል አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፣ ከሳንቃ የተሠራች። ሽንት ቤቷ ናት።