ከመግቢያው አይጀምሩ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን ልጽፍ መረጃ ሰብስቤ ጨርሻለሁ። ነገር ግን መግቢያው ላይ ስጽፍ ስሰርዝ ቀኑ ይመሻል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መግቢያውን ለጊዜው ይተዉት። መግቢያ አንባቢን ለውጤቱ የሚያዘጋጅ ክፍል ነው፤ ውጤቱ ሳይጻፍ ወዴት እንደሚመራ ስለማይታወቅ ደጋግመው ይሰርዙታል።

መጀመሪያ ሠንጠረዦቹንና ግራፎቹን ይሥሩ። በእያንዳንዱ ሥር «ይህ የሚያሳየው…» ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች በተርታ ሲነበቡ የውጤት ምዕራፉን አጽም ይሰጡዎታል። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ያልወጣለት ሠንጠረዥ ወደ አባሪ ይሂድ። ቀጥሎ የጥናቱን ዘዴ ይጻፉ። እዚህ ላይ ከፕሮፖዛሉ የተገለበጠው «መረጃው ይሰበሰባል» ብዙ ጊዜ ሳይስተካከል ይቀራል፤ «ተሰብስቧል» መሆን አለበት። የናሙናው ቁጥርም የታቀደው ሳይሆን በትክክል የተገኘው ይሁን፤ 120 መጠይቅ በትነው 104 ከተመለሰ ሁለቱንም ይግለጹ። ከዚያ ውይይቱ፣ መግቢያውና በመጨረሻ አኅጽሮተ ጥናቱ (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ይከተላሉ።

ልማድን በተመለከተ፣ በየጠዋቱ ስልክ ሳይከፍቱ 45 ደቂቃ መጻፍ፣ ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ ይሻላል፤ በሳምንት አንዴ የሚጽፍ ሰው የት እንደደረሰ ለማስታወስ ብቻ ብዙ ሰዓት ያባክናል። ሲያቆሙም ነገ የሚጀምሩበትን ሐሳብ በአንድ መስመር አስፍረው ይነሡ። የጎደለ ቁጥር ካጋጠመዎት ### ጽፈው ይለፉ፤ በኋላ ምልክቱን በሰነዱ ውስጥ ፈልገው ቦታውን ያገኙታል። የጸሐፊውን ስምና ዓመተ ምሕረት ግን ሐሳቡን በወሰዱበት ቅጽበት ያስገቡ፤ ይህን ለነገ ማሳደር ሳይታሰብ የሌላን ሰው ሐሳብ እንደ ራስ አድርጎ ወደ ማቅረብ ያደርሳል።