ኳስ ካቆመች በኋላ ጭራሽ ጠፋችብኝ

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የክለብ ተጫዋች ነበረች። ሜዳ ድረስ እየሄድኩ እደግፋት ነበር። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ስታቆም «በቃ፣ አሁን እንወልዳለን» ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እሷ ግን ኮርስ ወስዳ ምክትል አሰልጣኝ ሆነች። ቤት ስትገባም ስልኳ ላይ ናት። ልጅ ሳነሳባት «ትንሽ እንቆይ» ትላለች። እናቴ ሽማግሌ ላክባት ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽማግሌውን ለጊዜው አቆየው። ሽማግሌ የሚገባው ባልና ሚስት ተነጋግረው ሲያቅታቸው ነው። እናንተ ገና በደንብ አልተነጋገራችሁም። ስታቆም እንወልዳለን ብለህ ያሰብከውን ለእሷ ነግረሃት ነበር? በጽሑፍህ ውስጥ አላየሁትም። ሳትነግራት ከሆነ፣ የተቀየምካት እሷ በማታውቀው ውል ነው።

ጉዳቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈኸዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ኳስ ተጫዋች ተብላ የኖረች ሴት፣ ሳትፈልግ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ስትወጣ ከሥራዋ ብቻ አይደለም የምትለየው። የጠዋት ልምምዱ፣ የካምፕ ጓደኞቿ፣ ስሟን እየጠራ የሚጮኸው ደጋፊ ሁሉም በአንዴ ይቀራል። ብዙዎችን በዚህ ጊዜ ድብርት ይይዛቸዋል። ለእሷ አሰልጣኝነት ከዚያ መውጫው ሊሆን ይችላል። ሥራውም ቀላል አይደለም። ተጫዋች ልምምዷን ጨርሳ ሻወር ወስዳ ትሄዳለች። አሰልጣኝ ግን የነገውን ልምምድ ታዘጋጃለች፣ የተጎዳችዋን ትከታተላለች፣ ልጁን ኳስ የከለከለ አባት ታግባባለች። ትናንት አብራት የተጫወተችን ጓደኛዋን ዛሬ ተቀያሪ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ይሄ ሁሉ ስልኳ ውስጥ ተከትሏት ቤት ይገባል።

«ትንሽ እንቆይ» ማለቷ አልወልድም ማለት ላይሆን ይችላል። ወልጄ ስመለስ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዝብኛል ብላ ፈርታ ይሆናል። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ፊፋ ለሴት ተጫዋቾች ቢያንስ 14 ሳምንት የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የደነገገው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አሰልጣኞች የተካተቱት ደግሞ በ2024 ነው። ስለዚህ ውሏን አውጡና አብራችሁ አንብቡት። እናትነትና አሰልጣኝነት አብረው ይሄዳሉ፤ አሰልጣኟ ሳሪና ቪግማን የቀድሞ ተጫዋች፣ የስፖርት አስተማሪ የነበረች፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት ናት። የሆላንድን ሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017፣ የእንግሊዝን ደግሞ በ2022 እና በ2025 የአውሮፓ ሻምፒዮን አድርጋለች። ይህን የምነግርህ ለአንተ ነው፤ ሚስትህማ ሳታውቀው አትቀርም።

ጨዋታ የሌለበት ቀን ምረጥና ወጣ በሉ። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ ጠይቃት። ስታቆም ምን እንደተሰማት ሳታቋርጥ ስማት። ከዚያ የአንተን በቀጥታ ንገራት፦ «ናፍቀሽኛል፣ ልጅም እፈልጋለሁ።» «ወይ እኔ ወይ ኳስ» እንዳትላት፣ አደራ። በስልኩ ጉዳይ ግን እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ከእራት በኋላ ስልክ የማይነካበት ሰዓት ይኑራችሁ፤ አንተንም ይጨምራል። ለእናትህ መልስ የምትሰጣቸው አንተው ነህ፣ እሷ ላይ አትጣለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጅ ጭራሽ አልፈልግም ካለችህ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሁለታችሁም አብራችሁ የጥንዶች አማካሪ ጋ ሂዱ።