ማኅተሙን ከማንበባችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፦

በእንግሊዝ አገር በእጅ የተሠሩ የሸክላ ዕቃዎችን መሰብሰብ የጀመራችሁ ልጆች እንዳላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ከአንዱ በጎ አድራጎት ሱቅ ወደ ሌላው እየዞራችሁ ስኒና ጎድጓዳ ሳሕን እንደምታገላብጡ ስሰማ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እኔ በዚህ አገር በሙዚየም ውስጥ የተሰበረ ሸክላ ስጠግን ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከእናንተ ጋር ገበያ በወጣሁባቸው ጥቂት ቀኖች አንድ ልማድ ስላየሁባችሁ ነው። ዕቃውን ስታነሡ ወዲያው ገልብጣችሁ ከሥሩ ማኅተም፣ ማለትም በጭቃው ላይ የታተመ የሠሪውን ምልክት ትፈልጋላችሁ፤ ማኅተም ካለው ስልካችሁን አውጥታችሁ ስሙን ታስሳላችሁ፣ ከሌለው ግን ወደ መደርደሪያው ትመልሱታላችሁ። ይህን ቅደም ተከተል እንድትለውጡት እለምናችኋለሁ።

በልጅነቴ እናቴ በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጀበና ስትመርጥ አጠገቧ ቆሜ አይ ነበር። አንዱን አንሥታ በእጇ ትመዝነዋለች፣ በጣቷ አንጓ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፣ አንገቱንና ጆሮው የተጣበቀበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች፤ ከዚያም ሻጯን ሳትጠይቅ የየትኛዋ ሸክላ ሠሪ እጅ እንደሆነ ትናገራለች። በዚያ ገበያ ማኅተም ያለበት አንድም ሸክላ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ በሙያዬ የተማርኩት ሁሉ ይህንኑ የእናቴን ምርመራ በሌላ አፈርና በሌላ አገር መድገም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የምትሰበስቡት ዕቃ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማችኋል። እንግሊዝ በስቶክ ከተማ ዙሪያ በነበሩት ፋብሪካዎቿ ለዘመናት ሸክላና ፖርሴሊን በብዛት ስታመርት ኖራለች፤ በእነዚያ ፋብሪካዎች አንዱ ሠራተኛ ቅርጹን፣ ሌላው እጀታውን፣ ሌላው ሥዕሉን ይሠራ ነበር። እኛ የምንናገርለት ግን አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ጭቃውን ከማዘጋጀት እስከ እሳቱ ድረስ ኃላፊነቱን ይዘው የሠሩትን ዕቃ ነው። የዚህ እንቅስቃሴ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ከጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ሾጂ ሃማዳ ጋር ከጃፓን መጥቶ በኮርንዎል በምትገኘው የባሕር ዳር ከተማ በሴንት አይቭስ የሸክላ ሥራ ቤት ሲከፍት ነው። ከዚያ ሥራ ቤት የወጡት ተማሪዎችና የተማሪዎቻቸው ተማሪዎች ዛሬ በየሱቁ የምታገኙትን ዕቃ ትልቅ ክፍል ሠርተዋል ወይም በሠሩት ሰዎች ላይ አሻራቸውን ጥለዋል።

አሁን ዕቃውን አንሡ። ከመገልበጣችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ ያዙትና ክብደቱን ስሙት፤ ዓይን ከገመተው በላይ የሚከብድ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያልተቀነሰ ጭቃ ተሸክሟል፣ ጥሩ ሠሪ ግን ክብደቱን የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። ቀጥሎ ውስጡን ተመልከቱ። ጭቃው እየዞረ በእጅ በሚቀረጽበት መንኮራኩር የተሠራ ከሆነ ጣት ሲወጣ የተወው ክብ መስመር ከታች እስከ ከፈፉ ይታያል ወይም ይዳሰሳል። በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቀጭን ጭቃ ፈስሶበት የተሠራ የፋብሪካ ዕቃ ግን ውፍረቱ በየቦታው አንድ ዓይነት ነው፤ በጎኑ ላይ ሁለቱ የማውጫው ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ሊታይ ይችላል፣ እጀታውም አንዳንድ ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው። ስኒ ከሆነ ጆሮው ከገላው ጋር የተያያዘበትን ቦታ ለጣታችሁ ተዉት፤ ሠሪው አውራ ጣቱን ጭኖ የለቀቀበት ጉድጓድ ካለ ያ ለእኔ ከፊርማ አይተናነስም።

ከሁሉ በላይ ግን መቀመጫውን አጥኑ። ገልብጡት ስላችሁ አሁንም ማኅተም አትፈልጉ፤ እግሩን ተመልከቱ። ዕቃው እቶን ውስጥ ቆሞ የተተኮሰው በዚህ ቦታ ስለሆነ እግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቅብ የለውም፣ ስለዚህም ራቁቱን ያለው አፈር የሚታየው እዚህ ነው። ቀይ ነው፣ ግራጫ ነው፣ አሸዋማ ነው፣ ወይስ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ? ከመንኮራኩሩ ላይ በሽቦ ተቆርጦ እንደወጣ የቀረ ነው ወይስ ጭቃው ጠንከር ካለ በኋላ ተገልብጦ በስለት ተከርክሞ ቀለበት ወጥቶለታል? ሽቦው እንደ ባሕር ዛጎል የተጠማዘዙ መስመሮችን ትቶ ከሆነ መንኮራኩሩ እየዞረ ሳለ መቆረጡን ይነግራችኋል። ከሠሪዎች መካከል ፊት ለፊት የሚታየውን ጎን አሳምሮ ሠርቶ እግሩን በቸልታ የሚተው አለ፤ ማንም የማያየውን እግር ከፈፉን ያህል የሚጠነቀቅለትም አለ። እኔ በሥራዬ አንድን ሰው ከሌላው የለየሁት ከየትኛውም ክፍል ይልቅ በእግሩ ነው።

ግሌዝ ስለሚባለው መስታወታማ ቅብ ብዙ አልጽፍም፤ በዓይን ካልሆነ በቃል አይለመድምና። ጥቂት ነገር ብቻ ያዙ። ስቶንዌር የሚባለው ጠንካራ ሸክላ የሚተኮሰው ወደ 1,250 እና 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ነው። እቶኑ ውስጥ አየር ሲያጥር እሳቱ በጭቃውና በቅቡ ካለው ብረት ኦክስጅን ይወስዳል፤ ቴንሞኩ የሚባለው ጥቁር ቅብ፣ ሴላዶን የሚባለውም ፈዛዛ አረንጓዴ የሚወለዱት ከዚህ ነው። ቴንሞኩ በከፈፉና በጠርዞች ላይ ሲሳሳ ወደ ዝገት ቀለም ይለወጣል። ይህ የሴንት አይቭስ ቤተሰብ መልክ ነው።

ሌላ ቤተሰብም አለ። ሉሲ ሪ በቪየና ተወልዳ ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙበት በ1938 ወደ ለንደን ሸሽታ የመጣች ሸክላ ሠሪ ናት። በሃይድ ፓርክ አቅራቢያ በአልቢዮን ሚውስ በነበረች ትንሽ ቤቷ በጦርነቱ ጊዜ የሸክላ ቁልፎችን ለልብስ ሰፊዎች እየሠራች ኖረች። ከጀርመን የተሰደደው ሃንስ ኮፐር በ1946 ሥራ ፈልጎ መጣና ከእሷ ጋር ሠራ፤ በኋላ ራሱ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ፣ ለኮቨንትሪ ካቴድራልም ረጃጅም የሸክላ መቅረዞችን ሠራ። ሉሲ ሪ በኤሌክትሪክ እቶን ትተኩስ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ቅቡን በጥሬው ጭቃ ላይ ቀብታ ዕቃውን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምትተኩሰው። ጎድጓዳ ሳሕኖቿ በጠባብ እግር ላይ ቆመው ወደ ላይ ይከፈታሉ፣ ከፈፋቸው ላይ የነሐስ መልክ ያለው የማንጋኒዝ ቅብ ይወርዳል፣ በመርፌ የተጫሩ ቀጫጭን መስመሮችም አሉባቸው። አንዴ በእጁ የያዘ ሰው በሌላ አይሳሳትባቸውም፤ ስለዚህ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ደጋግማችሁ ሂዱና እዩአቸው። የእሷን ስም ይዞ የሚቀርብላችሁ ዕቃ እግሩ ወፍራምና ከባድ ከሆነ፣ ማኅተሙ ምንም ቢል ተጠራጠሩ።

ወደ ማኅተሙ መጣን። የሴንት አይቭስ ሥራ ቤት ማኅተም «ኤስ» እና «አይ» የሚባሉት ፊደሎች ተደራርበው፣ በሁለት ጎናቸው ነጥብ ይዘው፣ በክብ ወይም በአራት ማዕዘን ውስጥ የታተሙበት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን አይተው «የበርናርድ ሊችን ዕቃ አገኘሁ» ብለው ሲደሰቱ አይቻለሁ። ነገር ግን ይህ ማኅተም ብቻውን የሚናገረው ዕቃው ከዚያ ቤት መውጣቱን ነው። ሥራ ቤቱ ለዕለት አገልግሎት በተደጋጋሚ የሚያወጣቸውን ድስቶችና ስኒዎች ብዙ እጆች ሠርተዋቸዋል፤ ሊች በገዛ እጁ በሠራው ላይ ብዙ ጊዜ የስሙ ሁለት ፊደሎች ተጨምረው ይገኛሉ። በሌላ በኩል ሃማዳ ወደ ጃፓን ከተመለሰ በኋላ ዕቃዎቹ ላይ ማኅተም ማድረግ ትቷል። ሸክላ ሠሪው ሪቻርድ ባተርሃምም በእንግሊዝ በዶርሴት ዕድሜውን ሁሉ ሲሠራ ዕቃዎቹን ያለ ምልክት ነው የለቀቃቸው።

ይህን የምነግራችሁ ራሴ ከፍዬበት ነው። በሙያው አምስተኛ ዓመቴ ላይ በአንድ መንደር ሜዳ፣ ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ያረጀ ዕቃ በሚሸጡበት ገበያ፣ ክዳን ያለው አንድ ማሰሮ አነሣሁ። ከአመድ የተሠራው ቅቡ እንደ ወንዝ ውኃ አረንጓዴ ነበር፣ ገላው ላይ በጭቃው እርጥበት የተቦረቦሩ ቀጥ ያሉ መስመሮች ነበሩ፣ ክዳኑም አፉ ላይ ሲቀመጥ የተናገረው ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እጄ ወዶት ነበር። ገልብጬ ምልክት ሳጣ ግን መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ የባተርሃም ማሰሮዎች በረድፍ ተደርድረው ባየሁ ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። ያዘንኩት ዋጋው አምልጦኝ አልነበረም፤ እጄ የነገረኝን በጎደለ ፊደል ምክንያት አለማመኔ ነው።

ተቃራኒውም ጥፋት ደርሷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፌዘርስቶን እስር ቤት ሸክላ የሚማሩ እስረኞች የሊችን ማኅተም አስመስለው ቀርጸው በሠሯቸው ዕቃዎች ላይ አተሙ፤ ዕቃዎቹም ወደ ጨረታ ገበያ ወጥተው ገዢ አገኙ። ማኅተም ትንሽ ቁራጭ ነገር ነው፤ በጥቂት ሰዓት ይቀረጻል። የአንድን ሰው ከፈፍ፣ የአንድን ሰው እግር መቅረጽ ግን የዚያን ሰው ዓመታት ይጠይቃል። ስለዚህ ማኅተሙን እንደ መጨረሻ ምስክር አቅርቡት፤ ቀደም ሲል ጭቃው፣ እግሩና ቅቡ ከተናገሩት ጋር ከተስማማ እመኑት። ቅብ ሞልቶበት የማይነበብ ከሆነ ባትሪ ከጎኑ አብሩበት፤ ካልሆነም ስስ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ እሹት።

ለአፍሪካ ልጆች ደግሞ የተለየ ቃል አለኝ። ማይክል ካርዲው በ1923 ወደ ሴንት አይቭስ ከገቡት የሊች ቀደምት ተማሪዎች አንዱ ነው። በ1926 በዊንችኮም የቆየ ሸክላ ቤት ተከራይቶ በቀይ አፈር የገበሬ ቤት ዕቃ ሠራ፣ በ1942 ወደ ጎልድ ኮስት ማለትም ወደ ዛሬዋ ጋና ሄደ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያም በናይጄሪያ ዛሬ ሱሌጃ በምትባለው፣ ያኔ አቡጃ ትባል በነበረችው ከተማ የሸክላ ማሠልጠኛ አቋቋመ። ወደዚያ ማሠልጠኛ የገባችው ናይጄሪያዊቷ ላዲ ክዋሊ ግን ሸክላን ከእሱ አልተማረችም፤ ያለ መንኮራኩር ጭቃ እየጠመጠመች እንስራ መሥራትን ከልጅነቷ ታውቅ ነበር። የእሷ እንስራዎች እንሽላሊትና ዓሣ ተጭረውባቸው፣ በስቶንዌር ቅብ ተሸፍነው ለንደን ደረሱ፤ ምስሏም ዛሬ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ብር ላይ ይገኛል። በናይሮቢ የተወለደችው ማግዳሌን ኦዱንዶ በእንግሊዝ ትምህርት ላይ ሳለች በ1974 ወደዚያው ማሠልጠኛ ሄዳ ከላዲ ክዋሊና በዚያ ከነበሩት ሴቶች ተማረች፤ ዛሬ ያለ መንኮራኩር የምትሠራቸው፣ ያለ ቅብ በመታሸት ብቻ የሚያበሩት ማድጋዎቿ በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። በአገራችን ሸክላ ሠሪ ስትናቅ፣ እጇ እየተፈለገ ቤቷ ሲሸሽ አይተን አድገናል። የእንግሊዝ ሸክላ ታሪክ ከአፍሪካውያን ሴቶች እጅ ምን እንደወሰደ ስታውቁ፣ የእናቶቻችንን ጀበናም በሌላ ዓይን እንድታዩት እመኛለሁ።

ገንዘብ የለንም የምትሉኝን ሰምቻለሁ። ቢል ኢዝሜይ በዮርክሸር በዌክፊልድ የኖረ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያ ዕቃውን በ1955 ገዛ፤ በ2001 ሲሞት ከ500 በላይ ሠሪዎች የሠሯቸውን ከ3,600 የሚበልጡ ዕቃዎች ትቶ አለፈ፣ እነርሱም ዛሬ በዮርክ ይገኛሉ። ይህን ያደረገው በመጠነኛ ደመወዝ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ በአብዛኛውም በሕይወት ካሉ ሠሪዎች እየገዛ ነው፤ በዕቃዎቹም ይበላባቸውና ይጠጣባቸው ነበር። እናንተም በሕይወት ካለ ሠሪ ዘንድ ሂዱ። አንድ ከሰዓት ሲሠራ ቆማችሁ ብታዩ ከብዙ መጽሐፍ የማታገኙትን ታገኛላችሁ፤ የምትከፍሉትም ገንዘብ በቀጥታ የሚቀጥለውን እሳት ያነድዳል።

ስትገዙ ስንጥቅን አትርሱ። የእናቴን ቆርቆር አድርጉ፤ ጤነኛ ስቶንዌር ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ግን ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል። የተጠገነ ከፈፍ ከንፈር ሲነካው ከቀሪው ይልቅ ሞቅ ይላል፣ ምክንያቱም በላዩ ያለው ቀለም እንጂ መስታወታማ ቅብ አይደለም። ጥገና ነውር አይደለም፣ እኔም በዚያ ነው የኖርኩት፤ ነውሩ ሳይነገር መሸጡ ነው። በቀይ አፈር የተሠሩ የቆዩ ማር መሳይ ቅብ ያላቸው ዕቃዎች ብዙ ጊዜ በእርሳስ ማዕድን የተቀቡ ስለሆኑ አትብሉባቸው፣ ሎሚና ኮምጣጤ ያለበትን ነገር በተለይ አታኑሩባቸው።

በመጨረሻም መዝግቡ። ከማን፣ መቼ፣ የት፣ በስንት እንደገዛችሁና የማን እንደመሰላችሁ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በዕቃው ውስጥ አኑሩ፤ ካወቃችሁ ስም ይልቅ ለምን እንደዚያ እንዳሰባችሁ ጻፉ። እኔ መጀመሪያ በገዛሁት ስኒ ውስጥ ያለው ወረቀት በአማርኛ የተጻፈ ነው፦ «አራት ፓውንድ። ግራጫ አፈር፣ ጆሮው ሥር የአውራ ጣት ጉድጓድ አለ፣ ማኅተም የለውም። የማን እንደሆነ አላወቅሁም።» ከዚያ በታች በተለያየ ቀለም አምስት ስሞች ጽፌ አምስቱንም ሰርዣለሁ። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን የምጠጣው በእሱ ነው፤ አውራ ጣቴም ያንን ጉድጓድ ሳትፈልግ ታገኘዋለች።