መኪናው አሸዋ ሲውጠው፣ ክሪኩን ከማውጣታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው እንግዳ ይዛችሁ ወደ ዳናኪል ለምትወርዱ፣ የደቡብ ኦሞን ደረቅ ወንዞች ለምታቋርጡ፣ በድርጅት መኪና የሶማሌ ክልልን ቆላ ለምታዳርሱ ወጣት ሹፌሮችና ረዳቶች ነው። እኔ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ። ስለ ሞተርና ስለ መንገድ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ስለ ክሪክ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስተምር እምብዛም አላየሁም። ጎማ ሲፈነዳ ብቻ የሚታወስ ተራ ዕቃ ስለሚመስል ይሆናል። አሸዋ ላይ ግን ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ብረት፣ በማይጸና መሬት ላይ፣ በአንዲት ትንሽ እግር ታቆማላችሁ። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ያዙልኝ። አሸዋ ውስጥ መኪናውን የሚያወጣው ክሪክ አይደለም። ክሪክ ጎማውን ከገባበት ጉድጓድ ከፍ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ይይዝላችኋል። የሚያወጣችሁ በዚያች ጊዜ ከጎማው ሥር የምታስገቡት አሸዋና ጣውላ ነው። ይህን የተረዳ ሹፌር ከሚያስፈልገው በላይ አያነሳም፤ መኪናውንም ክሪክ ላይ አያቆይም።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ክሪክ ጭራሽ አያስፈልግም። መኪናው ሲከብደውና ሲሰምጥ ከተሰማችሁ ነዳጅ መስጠት አቁሙ። ጎማው በባዶ በዞረ ቁጥር ጉድጓዱን የሚቆፍረው ራሱ ነው። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ከአክስሉ መሃል ያለው ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው እብጠት፣ አሸዋው ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ጎማዎቹ ላይ ክብደት ስለማያርፍ ዝም ብለው ይሽከረከራሉ። ሰው ሁሉ ይውረድ። የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው ሎክ በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ መቆለፉን እዩ፤ ሳይቆልፍ ፎር ዊል አስገብቶ በከንቱ የሚለፋ ሹፌር ብዙ ነው። ከዚያ ጎማዎቹን አስተንፍሱ። አስፋልት ላይ 35 ወይም 40 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 18 አውርዱት፤ አሸዋው በጣም ለስላሳ ከሆነ እስከ 15። ጎማው ሲላላ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፣ ክብደቱም ይከፋፈላል። ከዚያ በታች ከወረዳችሁ ግን ስትታጠፉ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። በጎማዎቹ ዙሪያና ከሆዱ ሥር ያለውን አሸዋ በረጅም አካፋ ጥረጉ። መጀመሪያ በመጣችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ሞክሩ፤ ያ መሬት አንዴ ተጠቅጥቋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ካለ ክሪክ ይወጣል።

ክሪኩን አሸዋ ላይ በቀጥታ ካስቀመጣችሁት መኪናው አይነሳም፤ የሚቀበረው ክሪኩ ነው። እሱም እኩል አይሰምጥም፣ በአንድ ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ ከቤት ስትነሱ ወፍራም ጣውላ ጫኑ። ወርዱና ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ቢያንስ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላዩን ልል አሸዋ ጠርጋችሁ ጠንከር ያለው ጋ ስትደርሱ ደልድሉና ጣውላውን አስተካክላችሁ አስቀምጡ። ድንጋይ ላይ ክሪክ አታቁሙ። ኤርታ አሌ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷልና ያጓጓል። ያ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ይፈረካከሳል።

ምርጫ ካላችሁ እኔ የዘይት ክሪክ እመርጣለሁ። ከአክስሉ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ ስለሚገባ ጎማውን ወዲያው ያነሳዋል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይበቃችኋል። ሃይ ሊፍት በሚሉት ረጅም ክሪክ ከባምፐር ላይ ስታነሱ ግን መጀመሪያ የሚነሳው ቦዲው ነው። ባሌስትራው ይለጠጣል፣ ጎማው አሸዋው ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆያል። ጎማው እስኪነሳ መኪናው በጣም ከፍ ይላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ለመውደቅ ይቀርባል። የአሁኖቹ መኪኖች የፕላስቲክ ባምፐር ጭራሽ አይችለውም። የዘይት ክሪኩ ችግሩ መኪናው ሲሰምጥ ከአክስሉ ሥር ቦታ ማጣቱ ነው። ለሱ ጉድጓድ ቆፍሩለት። አድካሚ ነው፣ ግን ቆፍሩለት። ክሪኩም ቀጥ ብሎ መቆሙን ከሁለት በኩል አይታችሁ አረጋግጡ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልምጣ። መኪናውን ማርሽ አስገብታችሁ ብታጠፉት፣ አንድ የኋላ ጎማ ሲነሳ ማርሹ ላይይዘው ይችላል። የተነሳው ጎማ ወደ ኋላ በነጻ ሲዞር፣ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት እንዲሄድ ዲፈረንሻሉ ይፈቅዳል። የእጅ ፍሬንም እንደ መኪናው ነው። በድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው፤ ጎማውን አይደለም። አንድ የኋላ ጎማ ከተነሳ ፍሬኑም እንዳልነበረ ይሆናል። ብዙ ጊዜ «ፍሬን ይዣለሁ እኮ!» የሚባለው መኪናው ከክሪኩ ላይ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ የፊቶቹም ጎማዎች አብረው እንዲይዙ ፎር ዊል አስገቡ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ከዚያ የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም አስደግፏቸው። ትንሽ ድንጋይ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ሰፊ ጣውላ ወይም ትልቅ ግንድ ይሻላል።

ረጅሙ ክሪክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1905 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ ጠንካራ ዕቃ ነው። አደገኛው እጀታው ነው። ስታነሱም ስታወርዱም ክብደቱ እጀታውን ወደ ላይ ሊመታው ይችላል። ስታወርዱ ድንገት ከለቀቃችሁት ራሱን ችሎ ላይ ታች እያለ መግረፍ ይጀምራል፤ ያኔ እጃችሁን ሰዳችሁ ለመያዝ አትሞክሩ፣ ሽሹ። መንጋጋው በዚህ የተሰበረ ረዳት አውቃለሁ፤ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ያደረገው ነገር ቢኖር ለማየት ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ሁልጊዜ በጎን ቁሙ፣ ጭንቅላታችሁ ከእጀታው መንገድ ውጭ ይሁን፣ በሁለት እጅ ያዙ። የማንሻ ማውረጃውን ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት እጀታውን ከዋናው ብረት ጋር አጣብቁት።

ጎማው ሲነሳ እጃችሁን ከሥሩ አታስገቡ፤ እግራችሁንም፣ ትከሻችሁንም። አሸዋውን በአካፋ ግፉት፣ ጣውላውን በሌላ እንጨት ግፉት። ከመኪናው ሆድ ሥር የወደቀ ነገር ካለ መኪናው ወርዶ እስኪያርፍ ይጠብቅ። አንዳንዶች መኪናውን በረጅሙ ክሪክ አንስተው ወደ ጎን በመግፋት ከጉድጓዱ ይጥሉታል። ሲሳካ ያምራል። ግን ክሪኩ የት እንደሚስፈነጠር ማንም አያውቅም፤ አጠገባችሁ ሰው ቆሞ ይህን አታድርጉ፣ ባታደርጉት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

መኪና ሲያዝ ሰው ይሰበሰባል። አፋርም ሐመርም ሊረዳችሁ የሚሮጥ ሰው አለ፤ ክብር ይስጠው። መኪናው ክሪክ ላይ እያለ ግን ማንም አይግፋ፣ ውስጥም ማንም አይቀመጥ። ልጆችንና ቪዲዮ የሚቀርጹ እንግዶችን በትህትና አርቁ። የሚያዝ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እንግዳው ሰዓት እያየ ሲያጣድፋችሁ ደግሞ ውሃ ስጡትና ጥላ ፈልጉለት። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ቦታ ነው፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ያልፋል። የደከመና የጠማው ሰው እጁ ይስታል። ፀሐይ የመታው ብረትም ያቃጥላል፣ ጓንት ያዙ።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ ከሆናችሁ ሌላ ነገር አለ። በናንተ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ወደ ላይ በኩል ደመና ካያችሁ ወይም ድፍርስ ውሃ መውረድ ከጀመረ ክሪኩንም መኪናውንም ተዉት፤ ሰዎቹን ወደ ዳር አውጡ።

ጎማው ሥር በደንብ ከሞላችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ ክሪኩንና ጣውላውን አውጡ፣ ሰው ይራቅ። በዝቅተኛው ማርሽ፣ ጎማውን ሳታሽከረክሩ ተነሱ። ጠንካራ መሬት እስክትደርሱ አትቁሙ፤ ለአካፋውና ለዕቃው በእግር ትመለሳላችሁ። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት ጎማውን ንፉ፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ግሎ ይፈነዳል። ማታ ስታድሩ ክሪኩን አራግፉ፣ በተለይ የረጅሙን ክሪክ ፒኖች፤ አሸዋ ከያዛቸው በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ትንሽ ቀጭን ዘይት ይበቃል። አዲስ ረዳት ከያዛችሁ ደግሞ ወደ ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ውሰዱትና ከጣውላው ጀምሮ እስከ ማውረዱ ድረስ በገዛ እጁ ይሥራው።