«ውሃ ሳትይዙ ነው እንዴ የመጣችሁት?» እና ሌሎች የባሕር ዳር ጥያቄዎች

በእሳት አደጋ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። መጀመሪያ ቱቦ ጎታች ነበርኩ። ከዚያ ፓምፕ ላይ ሠራሁ። አሁን አዲስ ገቢዎችን አሠለጥናለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ሥራዬን ያወቀ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። እናም «ያላችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። ጠየቃችሁ። መልሱ ይኸውላችሁ፤ ቅደም ተከተል አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አትቀየሙኝና የእሳት አደጋ መኪና ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ውሃ የለውም። ለምንድን ነው?

አልቀየምም። ይህን ስድብ ያልሰማ የሙያ ጓደኛ የለኝም። ሂሳቡን ልንገርህ። መኪናው 5,000 ሊትር ይይዛል እንበል። አንድ ደህና ኖዝል፣ የቱቦው መርጫ አፍ ማለት ነው፣ በደቂቃ 500 ሊትር ያህል ይተፋል። 10 ደቂቃ ነው በቃ። ሁለት ከከፈትን 5 ደቂቃ። ከዚያ መኪናው ሊሞላ ይሄዳል። ሰው የሚያየው ባዶውን ሲሄድ ነው።

ሥልጠና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ጭሱ ላይ ይረጫል። የሠለጠነው ጎንበስ ብሎ የእሳቱን ሥር ይፈልጋል። ያው 5,000 ሊትር በአንዱ እጅ ቤት ያድናል፣ በሌላው እጅ ግቢ ያጨቀያል።

መዘግየቱን በተመለከተ፣ አሜሪካኖች ኤንኤፍፒኤ 1710 የሚሉት መመዘኛ አላቸው። ጥሪ ከደረሰ በኋላ ለባብሶ መኪና ላይ ለመውጣት 80 ሴኮንድ፣ ለመጀመሪያው መኪና ጉዞ 4 ደቂቃ ይሰጣል። 4 ደቂቃውን ከባጃጅና ከገበያ ቀን ጋር ተደራደሩበት። 80 ሴኮንዱ ግን የእኛ ነው፣ ሰበብ የለውም። ለዚህ ነው ሱሪያችን ቦቲው ላይ ተሰብስቦ መሬት ላይ የሚቀመጠው። እግርህን ትከታለህ፣ ሽቅብ ትስባለህ፣ አለቀ። ሱሪውን አጣጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሠልጣኝ ካየሁ ገና ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጣና አጠገባችሁ ተኝቶ «ውሃ አለቀ» ማለት አያሳፍርም?

ያሳፍራል። ግን ቀላል አይደለም። ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ የሚገፋው አየሩ ነው። ፓምፑ ከቱቦው ውስጥ አየር ያወጣል፤ ውጭ ያለው አየር ሐይቁን ተጭኖ ውሃውን ሽቅብ ያወጣዋል። በባሕር ጠለል ላይ በሂሳብ 10 ሜትር ይወጣል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል። በሂሳብ 8 ሜትር፣ በተግባር 6 ካገኘህ ተመስገን ነው። ስለዚህ መኪናው ወደ ውሃው መጠጋት አለበት። ዳርቻው ደግሞ ጭቃና ደንገል ነው። 5 ቶን ውሃ የጫነ መኪና እዚያ ከገባ ሌላ አደጋ ጨመርን ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ፓምፕ ላይ አዲስ ሆኜ ከሐይቁ እየሳብን ነበር። በድንገት ድምፁ ተቀየረ። ጮኸ። ጌጁ ወረደ። እኔ ሆዬ ጋዝ ጨመርኩበት። ባሰበት። ለካ የመሳቢያው ወንፊት ላይ እምቦጭ ተጠቅልሎበታል፤ ጋዝ በጨመርኩ ቁጥር ይበልጥ እየሳብኩት ነው። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ እጄን በጥፊ መታና ጋዙን ቀነሰው። ከዚያ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ወንፊቱን በእጁ ጠረገና የቀርከሃ ቅርጫት አጠለቀለት። አፉን በገመድ አሰረው። ቅርጫቱን አየር በሞላው ጀሪካን አንጠልጥሎ ከውሃው ፊት ዝቅ፣ ከጭቃው ከፍ አደረገው። ውሃው መጣ።

ቅርጫት እስከዛሬ ከመሣሪያ ዝርዝራችን ላይ አልተጻፈም። እኔ ግን አስተምራለሁ።

ጥያቄ፦ ዲግሪ አለኝ። ማስታወቂያ ላይ «ዲግሪና 0 ዓመት» የሚል አይቼ ልመዘገብ ነው። እበቃለሁ?

ለመመዝገብ ትበቃለህ። ማስታወቂያው የሚጠይቀው ወረቀት ነው፤ መሰላል አይጠይቅም። ችግራችንም ይኸው ነው። ከፍታ የሚያዞረው ጎበዝ ልጅ ተቀጥሮ ያየሁት በዓይኔ ነው። የእሱ ጥፋት አልነበረም፣ ማንም አልጠየቀውም።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚፈትኑ ልንገርህ። አሜሪካ ውስጥ ሲፓት የሚሉት ፈተና አለ። 22.7 ኪሎ የሚመዝን ሰደርያ ያለብሱሃል። ደረጃ መውጣት፣ ቱቦ መጎተት፣ ዕቃ መሸከም፣ መሰላል ማቆም፣ በር መስበር፣ በጨለማ መፈለግ፣ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት መጎተት፣ ጣሪያ መንደል። ስምንቱም በ10 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ማለቅ አለባቸው። አንዷን ከሳትክ ወደቅክ። ስለ ጂፒኤ የሚጠይቅህ የለም።

እኛም ጋ መንገዱ አለ። ቴክኒክና ሙያው ከደረጃ 1 እስከ 5 የተዋቀረ ነው፤ ሲኦሲው፣ የብቃት ምዘናው ማለቴ ነው፣ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው። እዚያ ውጤቱ «ወደቀ» አይባልም፤ «ገና ብቁ አይደለም» ነው። «ገና» የምትለውን ቃል እወዳታለሁ። ግን ወደኋላም ትሠራለች፤ የዛሬ አምስት ዓመት ብቁ የተባለ ሰው፣ መሣሪያውን ካልነካ፣ ዛሬ «ገና» ነው። ሲኦሲው አይነግርህም። የሚነግርህ ዓይኑን ሸፍነህ የመተንፈሻ ጭንብሉን በአንድ ደቂቃ እንዲያጠልቅ ስታዘው ነው።

ጥያቄ፦ 52 ኪሎ ነኝ፣ ሴት ነኝ። በግልጽ ይንገሩኝ፣ እችላለሁ?

በግልጽ፣ እህቴ፦ እንደ ማንኛውም ሰው ትፈተኛለሽ፤ ፈተናው አይቀነስልሽም፣ አይጨመርብሽምም። 45 ሚሊሜትር ስፋትና 20 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ሲሞላ ውስጡ 32 ኪሎ ያህል ውሃ ብቻ አለው። ባለ 65 ሚሊሜትሩ 66 ኪሎ። ያን በክንዱ የሚጎትት ወንድም ወገቡን ይሰብራል። ትከሻሽ ላይ አድርገሽ፣ ዝቅ ብለሽ፣ በእግርሽ ነው የምትገፊው። ይህ ይለመዳል። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ሦስት ወር ደረጃ ውጪ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘሽ። ቤዛዊት ኮረብታም አለልሽ።

ጥያቄ፦ ጢሜን ለምን ላጭ ይሉኛል? መብቴ አይደለም?

ጭንብሉ ቆዳህ ላይ ካልተጣበቀ ጭስ ይገባል። ጢምህ ወይም ሳንባህ፣ አንዱን ምረጥ።

ጥያቄ፦ ጀርባችሁ ላይ ያለው ሲሊንደር ኦክስጅን ነው? ስንት ደቂቃ ይቆያል?

ኦክስጅን አይደለም፤ የታመቀ ተራ አየር ነው። የተለመደው 6.8 ሊትር በ300 ባር ነው፣ ወደ 2,000 ሊትር አየር ማለት ነው። ወረቀት ላይ በደቂቃ 40 ሊትር ተብሎ 50 ደቂቃ ይባላል። የደነገጠና ቱቦ የሚጎትት ሰው ግን እጥፉን ይተነፍሳል። 25 ደቂቃ ቁጠር። 50 ባር አካባቢ ሲደርስ ፊሽካው ይጮኻል፤ ያኔ በር ላይ መሆን አለብህ እንጂ መመለስ መጀመር የለብህም። ወጣቶች ይህን ሁልጊዜ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ሥልጠና ላይ እያንዳንዱ የራሱን አየር በሥራ ላይ ሆኖ እንዲለካ አደርጋለሁ። አየሩ ቶሎ ያለቀበት ፈርጣማ ያልነው፣ ጡንቻው የሚታየው ልጅ ነበር።

ጥያቄ፦ የደሴት ገዳማቱ ቢነዱስ? መኪናችሁ አይዋኝ!

ከሁሉም ጥያቄ ይህኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ዘጌ እንኳ በየብስ ይደረሳል፤ ክብራንና እንጦስ ግን ጀልባ ብቻ ነው። መልሱ በጀልባ የሚጫን ትንሽ ፓምፕ ነው። ውሃው ዙሪያውን ነው፣ ዳገቱ ግን ይቀራል።

ፓምፑ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ውስጡ ነው። ክቡን ቤተ ክርስቲያን ታውቁታላችሁ፦ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። እኔ መቅደስ አልገባም። ታቦቱን መንካት የሚችሉት ካህናት ብቻ ናቸው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ «ብቁ ሠራተኛ» የሚባለው እኔ አይደለሁም፣ ካህኑ ናቸው። መሠልጠን ያለባቸውም እሳቸው ናቸው። እሳት ማጥፊያውን ማን ያነሳል? ቁልፉ ሌሊት ማን ጋ ያድራል? ታቦት፣ ብራና፣ መስቀል በየትኛው ተራ ይወጣል? ይህን ከቄሰ ገበዙ ጋር በጸጥታ ቀን ተቀምጦ መጻፍ ነው። ክብራን ገብርኤል ደግሞ ሴት አይገባም። ቡድኔ ውስጥ ጎበዟ የፓምፕ ሠራተኛ ሴት ብትሆን ጀልባው ላይ ሆና ፓምፑን ትይዛለች። ይህም ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው እንጂ ጭስ ሲነሳ የሚከራከሩበት አይደለም።

ሥዕሉም አለ። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ገዳማት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። በጠንካራ የውሃ ጅራፍ ብትመታው እሳቱን አጥፍተህ ሥዕሉን ገደልከው። እዚያ ውሃው እንደ ጉም መበተን አለበት፤ እጅህ ከኖዝሉ ላይ ያንን ማወቅ አለበት።

አንዴ አንድ ገበዝ ጠየቅሁ፣ «አባ፣ በቦቲ ብንገባስ?» አልኳቸው። «ሲነድ ማን ጫማ ያያል ልጄ፣ ብቻ እግርህን ጥረግ» አሉኝ። አሁንም ያስቀኛል።

ጥያቄ፦ ሰው ሐይቁ ውስጥ ሲሰምጥ ባይ ዘልዬ ልግባ?

አትግባ። የሰመጠ ሰው ያነቅሃል። መጀመሪያ የሚደርስ ነገር ዘርጋለት፦ ዱላ፣ ቅርንጫፍ፣ ነጠላ። ካልደረሰ ወርውርለት። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ አስረህ ብትወረውር ሰው ያንሳፍፋል። ቀጥሎ ታንኳ ወይም ጀልባ። መዋኘት መጨረሻ ነው፣ ለሠለጠነም ቢሆን። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ እንዳለ አትርሳ። እሱ ሥልጠና አይወስድም።

ጥያቄ፦ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ፣ ዕቅድ ክፍል። እሳት ባልተነሳበት ሩብ ዓመት የእሳት አደጋ ሠራተኛን በምን እንመዝን? የምር ነው የምጠይቀው።

እግዜር ይስጥልኝ፣ በመጨረሻ ይህን የሚጠይቅ ተገኘ። የሥራ መዘርዝራችን ማለቂያ ላይ «ሌሎች ከኃላፊው የሚሰጡ ተግባራትን ያከናውናል» የምትል መስመር አለች። በዚህች መስመር አበባ አጠጥተናል፣ ለስብሰባ ድንኳን ተክለናል፣ ወንበር ጭነናል። ቁጭ ያልን ስለምንመስል ነው። ከዚያ በሪፖርት «የእሳት አደጋን በመቶኛ መቀነስ» ይባላል። እሳት ቀነሰ ጨመረ፣ እኔ አላቃጠልኩት!

የምንቆጣጠረውን መዝኑ። በሩብ ዓመቱ ስንት ልምምድ ተደረገ፣ ስንቱ በሌሊት? ከጥሪ እስከ መኪና ስንት ሴኮንድ? ፓምፕ አስነስቶ ከሐይቅ ውሃ ለማምጣት ስንት ደቂቃ? ሲሊንደሩ ሞልቶ ነው የተቀመጠው? ስንት የገበያ መደብር ሄዳችሁ የቆጣሪ ሽቦ አያችሁ? የገበያ እሳት ሲነሳ ኮንታክት ነው እንላለን፣ ቀድመን ግን አንሄድም። ነጥቡን በእነዚህ ስጡ። የሥራ ደረጃ ሲመደብም የሥራው አደገኛነት ይቆጠር። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 እ.ኤ.አ. የእሳት አደጋ ሠራተኛነትን ከተረጋገጡ ካንሰር አምጪዎች መደብ አስገብቶታል። ጥላሸት የጠጣ ኮት ለብሶ ቤቱ መግባት ጀግንነት የሚመስለው ባልደረባ አሁንም አለኝ። ማጠቢያ ማሽን ግዙልን፣ እሱም ዕቅድ ነው።

ጥያቄ፦ ቡታጋዝ ሸተተኝ፣ ምን ላድርግ?

መብራት አታብሪም፣ አታጠፊምም። ሲሊንደሩን በሰዓት አቅጣጫ ዝጊ። በርና መስኮት ክፈቺ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ስለዚህ በሩን በደንብ ክፈቺው። ስልክ ውጭ ወጥተሽ ደውዪ። የከተማሽን የእሳት አደጋ ቁጥርም ዛሬ መዝግቢ፣ ሲነድ አይፈለግም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ አትክልተኛ ነኝ፣ ከሐይቁ በሞተር አጠጣለሁ። እምቦጩ ሞተሬን ጨርሶታል። ያ ቅርጫት ለእኔስ ይሆናል?

ይሆናል። ወንፊትህን በሁሉም ጎን አንድ ክንድ ያህል የሚያስርቅ ሰፊ ቅርጫት ፈልግ፤ ጠባቡ ቶሎ ይደፈናል። ከገበያ ክዳን ያለውን ውሰድ። በጀሪካን አንጠልጥለው፣ ጭቃ አይንካ። በየግማሽ ሰዓቱ ሞተሩን አጥፋና አራግፈው። ድምፁ ከተቀየረ ደግሞ ጋዝ አትጨምር።