ሳንሱሩን የሚሠራው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዲስቶፒያ ልብ ወለድ፣ ማለትም አስከፊ ሥርዓት የሰፈነበትን ምናባዊ ዓለም ስለሚያሳይ ልብ ወለድ፣ ናቸው። ከፊሎቹ ከአንባቢያን፣ ከፊሎቹ ደግሞ ረቂቅ ይዘው ከተቸገሩ ጸሐፊዎች የመጡ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል። በመልሶቹ ውስጥ የአንዳንዶቹ ታሪኮች መጨረሻ ስለሚነሳ፣ መጽሐፎቹን ገና ያላነበቡ ይህን አውቀው ይግቡበት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። «1984»ንና «ፋራናይት 451»ን በተከታታይ አነበብኳቸው። ሁለቱም ስለ ሳንሱር ናቸው ሲባል እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን የማይገናኙ ሆኑብኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ልዩነቱን ለማየት «ምን ተከለከለ?» የሚለውን ትተው «ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? በምን መሣሪያ?» ብለው ይጠይቁ።

ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ባሳተመው «1984» ውስጥ ሳንሱር የቢሮ ሥራ ነው። ዊንስተን ስሚዝ የእውነት ሚኒስቴር የመዛግብት ክፍል ሠራተኛ ነው። ትእዛዙ ተጠቅልሎ በግድግዳው ቱቦ ይመጣለታል። የሚታረመውን የድሮ ጋዜጣ ያስመጣል፤ እርማቱን የሰው ድምፅ ወደ ጽሑፍ በሚቀይር መሣሪያ ያስጽፋል፤ ከጋዜጣው ጋር አያይዞ በቱቦው መልሶ ይልካል። ትእዛዙንና የራሱን ማስታወሻ ጨምድዶ «የትዝታ ጉድጓድ» በሚሉት ቀዳዳ ይጥላል፤ እዚያው ይቃጠላሉ። ከዚያ የዚያ ዕለት ጋዜጣ እንደገና ይታተማል፣ አሮጌው ይወገዳል፣ አዲሱ ማህደር ይገባል። አንዱን ጉዳይ ቀረብ ብለው ይዩት። መንግሥት የቸኮላት ራሽን በዓመቱ ውስጥ አይቀነስም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ ሊቀነስ ነው፣ ከ30 ግራም ወደ 20። ዊንስተን ያንን ቃል አውጥቶ «ሳይቀነስ አይቀርም» የሚል ማሳሰቢያ ይተካበታል። ጥቂት ቆይቶ ቴሌስክሪኑ፣ ያ በየክፍሉ የተሰቀለው የሚናገርም የሚሰልልም ስክሪን፣ ሕዝቡ ራሽኑ ወደ 20 ግራም ከፍ ስላለለት ሰልፍ ወጥቶ አመሰገነ ይላል። ሰሚውም ይቀበላል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ነው፦ ዊንስተን ሥርዓቱን እየጠላ ሥራውን ይወደዋል። በሕይወቱ ትልቁን ደስታ የሚያገኘው ከዚያ ጠረጴዛ ነው።

ሬይ ብራድበሪ በ1953 ባሳተመው «ፋራናይት 451» ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጽሐፍ አቃጣዮቹ ስለሚታዩ ዋናዎቹ እነሱ ይመስላሉ፤ የመጡት ግን መጨረሻ ላይ ነው። የአቃጣዮቹ አለቃ ካፒቴን ቢቲ በሥሩ ለሚሠራው ለዋናው ገፀ ባሕርይ ለሞንታግ ሲያስረዳው፣ ታላላቅ ሥራዎች መጀመሪያ ወደ 15 ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት አጠሩ፤ ቀጥሎ በሁለት ደቂቃ ወደሚነበብ ዓምድ፤ በመጨረሻም ወደ 10 ወይም 12 የመዝገበ ቃላት መስመር። በየአቅጣጫው ቅር የተሰኘ ሁሉ የማይወደውን እያስቆረጠ፣ አንባቢው ራሱ መጽሐፉን ተወው። እሳቱ የተለኮሰው ከዚያ በኋላ ነው። የሞንታግ ሚስት ሚልድረድ በሦስት ግድግዳ ላይ ስክሪን አላት፤ አራተኛውን ትፈልጋለች፤ ዋጋው 2,000 ዶላር፣ የባሏ የዓመት ደመወዝ ሲሶ ነው። ኦርዌል ጋ መንግሥት ለሳንሱሩ ደመወዝ ይከፍላል፤ ብራድበሪ ጋ ዜጋው ከኪሱ እየከፈለ ያስገባዋል።

የዚህ መጽሐፍ የራሱ ዕጣም ሊታወቅ ይገባል። አሳታሚው በ1967 ለትምህርት ቤቶች ባወጣው እትም ለደራሲው ሳይነግር 75 ያህል ቦታ ነካካ፤ የስድብ ቃላት ወጡ፣ ሰካራሙ ሰውዬ በሽተኛ ሆነ። ከ1973 ጀምሮ ገበያ ላይ የነበረው የተቆረጠው ብቻ ነበር። ብራድበሪ ነገሩን የሰማው በ1979 ነው፤ ሙሉው እትም በ1980 ተመለሰ። መንግሥት ያዘዘው ነገር አልነበረም። ካፒቴን ቢቲ የሚተርከው ዓይነት መቁረጥ ነበር፤ የተፈጸመውም በዚያው መጽሐፍ ላይ። በእነዚያ ዓመታት የታተመ አሮጌ ቅጂ እጅዎ ካለ ከአዲሱ ጋር ያስተያዩት።

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። በታሪኬ ውስጥ መንግሥት መጻሕፍትን በሙሉ ከልክሏል። ያነበቡልኝ ሰዎች ግን «አያስፈራም፣ አይታመንም» አሉኝ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ የጎደለው ሰው ነው። «መንግሥት ከለከለ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማንም የለም፤ እጅ የለም፣ ጠረጴዛ የለም፣ ሰዓት የለም። «መጻሕፍት በሙሉ» የሚለውን ይተዉትና አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይምረጡ፤ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ እንበል። ከጸሐፊው ተነስተው በአርታኢው፣ በሳንሱር መርማሪው፣ በማተሚያ ቤቱ፣ በመጋዘኑና በመምህሩ በኩል እስከ ተማሪው ድረስ ይከተሉት። በየደረጃው ማን «አይሆንም» ማለት እንደሚችል፣ ስንት ቀን እንደሚወስድና ሰውዬው ቢሳሳት ምን እንደሚደርስበት በአንድ በአንድ ገጽ ይጻፉ። አብዛኛው ታሪኩ ውስጥ አይገባም። እርስዎ ግን ማወቅ አለብዎት።

ከዚያ ቁጥሩን ያስሉ። አንድ መርማሪ በጥንቃቄ በሰዓት 30 ገጽ ያነባል ብለን እንነሳ። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 240 ገጽ ይሆናል፤ አንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ማለት ነው። በ5 የሥራ ቀን 5 መጽሐፍ። በሳምንት 100 መጽሐፍ ለሚታተምበት አገር 20 መርማሪ ያስፈልጋል፤ ጋዜጣው፣ ደብዳቤው፣ የዘፈን ግጥሙ ገና አልተነካም። እንግዲህ ሥርዓቱ ሁሉንም ማንበብ አይችልም። ስለማይችል ሰዎች ራሳቸውን እንዲቆርጡ ማድረግ አለበት። ለዚህ ደግሞ ግልጽ ዝርዝር አይጠቅመውም። የተከለከሉ 50 ቃላት ዝርዝር ቢወጣ ጸሐፊው 51ኛውን ይጠቀማል። «ሞራልን የሚጎዳ» የሚል ልቅ ደንብ ቢወጣ ግን እያንዳንዱ ሰው ለጥንቃቄ ሲል ደንቡ ከሚፈልገው በላይ ይቆርጣል። ታሪክዎ የሚያስፈራው አርታኢው ማንም ሳያዘው አንድ አንቀጽ ሲሰርዝ ነው። ያንን ትዕይንት ሳይቸኩሉ ይጻፉት፤ የትኛው ቃል እንዳስፈራው፣ በምን እንደተካው፣ ለጸሐፊው ምን ብሎ እንደነገረው።

ከእውነተኛው ታሪክ አንድ ምሳሌ ይጠቅምዎታል። በሶቪየት ኅብረት የደኅንነት ሹሙ ላቭረንቲ ቤሪያ በ1953 ከሥልጣን ወድቆ ሲገደል፣ ስሙ የሰፈረበት የ«ታላቁ የሶቪየት ኢንሳይክሎፒዲያ» ቅጽ አስቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። ለደንበኞች ደብዳቤ ተላከ፦ ስለ ቤሪያ የሚያወሱትን ገጾች በመቀስ ወይም በምላጭ ቆርጣችሁ በእነዚህ ተኩ። ምትኮቹ ገጾች ስለ ቤሪንግ ባሕርና ስለ ሌሎች ርዕሶች ነበሩ። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ማታ ቤቱ ተቀምጦ፣ ምላጭ ይዞ፣ የገዛውን መጽሐፍ ይቆርጣል። ባይቆርጥስ? ልጁ ቢያየውስ? የቆረጠውን ወረቀት የት ይጥላል? ለአንድ ምዕራፍ የሚበቃ ነገር እዚህ አለ።

የጀማሪ ረቂቆች በብዛት የሚወድቁበት ሌላው ቦታ ፍጹም የሆነ ማጥፋት ነው። ሁሉም ነገር ምንም ሳይቀር ከጠፋ ታሪክ የለም። የተለጠፈው ገጽ ቀለሙ ይለያል፣ የገጽ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ማውጫው ሳይታረም ይቀራል። ገፀ ባሕርይዎ መጠየቅ የሚጀምረው ከዚያች ስህተት ተነስቶ ነው።

ጥያቄ፦ በእኔ ታሪክ ውስጥ መንግሥት የሰውን ሐሳብ ሳይቀር የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለው። ጓደኛዬ «ውጥረት የለውም» ይለኛል፤ በዚያ ላይ ቴክኖሎጂው በጥቂት ዓመት ያረጅብኛል ብዬ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ሁሉን የሚያይ መሣሪያ ካለ ገፀ ባሕርይው ገና ሲያስብ ይያዛል፤ መጽሐፉም በሁለተኛው ገጽ ያልቃል። ለመሣሪያው የሚያየውን ብቻ ሳይሆን የማያየውንም ይስጡት። የኦርዌል ቴሌስክሪን ድምፁ ይቀነሳል እንጂ አይጠፋም፤ ማን መቼ እንደሚያይበት አይታወቅም። በዊንስተን ክፍል ግን ባልተለመደ ቦታ፣ በረጅሙ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ አንዲት ጥግ ከእይታው ውጭ ቀርታለች። ዊንስተን ማስታወሻውን የሚጽፈው እዚያ ተቀምጦ ነው። ያች ጥግ ባትኖር መጽሐፉ አይጀመርም ነበር።

እርጅናን በተመለከተ፣ የቭጌኒ ዛምያቲን በ1920 እና 1921 የጻፈውን «እኛ» ይመልከቱ። መጀመሪያ የታተመው በ1924 በእንግሊዝኛ ትርጉም ሲሆን፣ በተጻፈበት አገር፣ በሶቪየት ኅብረት፣ የወጣው በ1988 ነው። ዋናው የክትትል መሣሪያ መስታወት ነው። ቤቶቹ ግድግዳቸው ብርጭቆ ነው፤ መጋረጃ የሚወርደው በሮዝ ቲኬት፣ በተፈቀደ ሰዓት ብቻ። ሰዎቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር አላቸው። ከቀኑ የግል የሚባሉት ሁለት ሰዓት ብቻ ናቸው፦ ከ16 እስከ 17 እና ከ21 እስከ 22። መስታወትና የሰዓት ሠንጠረዥ አያረጁም። እርስዎም የመሣሪያውን ሞዴል፣ ፍጥነትና የማስታወሻ አቅም ከመዘርዘር ይልቅ፣ እሱ ባለበት ክፍል ውስጥ ሰው ፊቱን እንዴት እንደሚይዝ ይጻፉ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ረቂቆች የሚዘሉት ነው። መሣሪያው መጀመሪያ የሚገባው ስለሚመች ነው። ማርጋሬት አትውድ በ1985 ባሳተመችው «የሃንድሜይድ ታሪክ» ውስጥ የወረቀት ገንዘብ ቀርቶ ሁሉም በካርድ ይገበያያል። አንድ ቀን የዋናዋ ገፀ ባሕርይ ካርድ ሱቅ ውስጥ አልሠራ ይላል። በየሒሳቡ ላይ የባለቤቱ ፆታ በአንዲት ፊደል ተመዝግቦ ስለነበር፣ የሴቶችን ገንዘብ በሙሉ ለማገድ ጥቂት ቁልፍ መጫን በቂ ሆነ። ያቺን ፊደል መጀመሪያ የመዘገባት ሰው ምንም ክፉ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል። ከእውነተኛው ዓለምም አለ፦ በሐምሌ 2009 አማዞን ኪንድል ለተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው የተሸጡ የ«1984» እና የ«የእንስሳት እርሻ» ቅጂዎችን ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ ከርቀት አጠፋ። ምክንያቱ የሻጩ የቅጂ መብት ጉድለት ነበር፣ ፖለቲካ አልነበረም፤ ገንዘቡም ተመልሷል። ለጸሐፊ ቁም ነገሩ ችሎታው አስቀድሞ መሣሪያው ውስጥ መኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ ዋናው ገፀ ባሕርዬ ብቻ አስተዋይ ሆኖ ሌላው ሕዝብ እንደ በግ መንጋ ሆነብኝ። እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ተከታይ የራሱን ምክንያት ይስጡት። አንዱ ይፈራል፣ አንዱ ከልቡ ያምናል፣ አንዷ የልጇን ትምህርት ታስባለች፣ አንዱ ደክሞታል። አንዱ ደግሞ ውሸት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ እድገት ግን ይፈልጋል። በ«1984» የዊንስተንን ጎረቤት ፓርሰንስን የምታሳስረው ትንሽ ልጁ ናት፤ እሱ ግን እስር ቤት ሆኖ ይኮራባታል። ቂል ነው ብለን ልናልፈው አንችልም፤ ፍቅሩን የሚገልጽበት ሌላ ቋንቋ አልቀረለትም።

በ1951 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ የሠራውን ሙከራ ማወቅ ለዚህ ትልቅ እገዛ ነው። ተሳታፊው ከተመራማሪው ጋር አስቀድመው ከተመሳጠሩ ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ ከሦስት መስመሮች የትኛው ከተሰጠው መስመር ጋር እኩል እንደሆነ ይናገራል። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ሌሎቹ ግን በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ይመርጣሉ። በእነዚህ ዙሮች ከመልሶቹ ሲሶ ያህሉ ቡድኑን የተከተሉ ነበሩ፤ ከየአራቱ ተሳታፊዎች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ ግን መከተሉ በእጅጉ ቀነሰ። ይህን ወደ ትዕይንት ሲያመጡት፣ ሰባት ሰው ባለበት ስብሰባ መጀመሪያ ማን እጁን እንደሚያወጣና ሁለተኛው ስንት ሰከንድ እንደሚዘገይ ይወስኑ። በዲስቶፒያ ልብ ወለድ ጓደኝነትና ፍቅር ለምን እንደሚከለከሉም ከዚህ ይገባዎታል። ሥርዓቱን የሚያሰጋው እንዲህ እውነቱን ይዞ አብሮ የሚቆም ሁለተኛ ሰው ነው።

የመደጋገምን ኃይል ደግሞ አልደስ ሃክስሊ በ1932 «ብሬቭ ኒው ዎርልድ» ውስጥ በቁጥር አስልቶታል። ሕፃናት ተኝተው ሳሉ አንድ አባባል 100 ጊዜ ይነገራቸዋል፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ለአራት ዓመት። ከገፀ ባሕርያቱ አንዱ በርናርድ ማርክስ ሲያሰላው 62,400 ድግግሞሽ አንድ እውነት ይሆናል። ካደጉ በኋላ ሰዎቹ በተጨነቁ ቁጥር ከአፋቸው የሚወጣው ያ አባባል ነው። ለሕዝብዎ ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያሉ አጫጭር አባባሎች ያዘጋጁና በጭንቅ ሰዓት ብቻ ያናግሯቸው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ታሪክ የግድ በሽንፈት ማለቅ አለበት?

መልስ፦ የለበትም። ነገር ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ብቅ የሚል ሕዝባዊ አመፅ መፍትሔ አይሆንም፤ አንባቢ የሚቀበለው ስንጥቁ በመጀመሪያው ምዕራፍ ታይቶት ከሆነ ነው። ሌላ መንገድም አለ። የ«1984» የመጨረሻ ገጾች ስለ ሥርዓቱ ቋንቋ የተጻፈ አባሪ ናቸው፤ የሚያወሩትም በኃላፊ ጊዜ ነው። አንዳንድ አንባቢዎች ከዚህ ተነስተው ሥርዓቱ በኋላ ወድቋል ይላሉ፤ መጽሐፉ ግን በቀጥታ አይናገርም። የአትውድ መጽሐፍ በ2195 በሚካሄድ የምሁራን ጉባኤ ያበቃል፤ ሴትየዋ የተናገረችበት ካሴት ተገኝቶ ጥናት ይቀርብበታል። እሷ ምን እንደደረሰባት ግን አይታወቅም። የአገዛዙን መውደቅ ሳያሳዩ ማሳወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጊዜ የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች። ኢ ኤም ፎርስተር በ1909 ያሳተመው «ማሽኑ ሲቆም» ሰዎች ከምድር በታች በየክፍላቸው ተቀምጠው በስክሪን ብቻ የሚገናኙበትን ዓለም ያሳያል፤ በአንድ ማታ ያልቃል። የከርት ቮኔጉት «ሃሪሰን በርጀረን» የ1961 ሥራ ነው፤ አስተዋይ ሰው ሐሳቡን እንዳይቀጥል በየ20 ሰከንዱ ጆሮው ላይ የሚጮኽ መሣሪያ አለበት። ከእነሱ በኋላ «እኛ»ን፣ ቀጥሎ «1984»ን ያንብቡ። ኦርዌል «1984»ን ከማሳተሙ በፊት፣ በ1946፣ ስለ «እኛ» ሂስ ጽፎ ነበር፤ በቅደም ተከተል ሲነበቡ የትኛው ሐሳብ ከየት እንደመጣ በግልጽ ይታያል።