«ጣቴን ባጋጥም ምን አገኛለሁ?» ስለ እጅ ምልክቶች ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ሰሞኑን ስለ ሙድራ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ጎንደር ውስጥ ጠዋት ጠዋት የአተነፋፈስና የሰውነት ማፍታቻ ልምምድ ስለማሠራ ሰዉ ነገሩን ከእኔ ጋር አያይዞታል። ሙድራ ከህንድ የመጣ፣ በሂንዱና በቡድሂስት ጸሎትና ተመስጦ ውስጥ የቆየ የእጅ ምልክት ነው። ጣትን ከጣት ማጋጠም፣ መዳፍን በአንድ መልክ ይዞ መቆየት፤ በቃ እሱ ነው። ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ቲክቶክ ላይ ሌባ ጣትና አውራ ጣታቸውን አጋጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቀመጡ ሰዎች አያለሁ። ምን እያደረጉ ነው?

መልስ፦ ግያን ሙድራ ይባላል። የሁለቱ ጣቶች ጫፍ ይነካካል፣ ሦስቱ ዘና ብለው ይዘረጋሉ፣ እጅ ጉልበት ላይ ያርፋል። በህንዶቹ ትምህርት ሌባ ጣት የአንድን ሰው ነፍስ፣ አውራ ጣት ደግሞ ሁሉን የያዘውን ታላቁን መንፈስ ይወክላል። መነካካታቸው የሁለቱን መገናኘት ያሳያል። ልሞክረው ካልክ አትጫነው። የጥፍርህ ሥር ነጣ ካለ በዝቷል። ስስ ወረቀት በጣቶችህ መሀል እንደያዝክ ቁጠረው፤ አይወድቅም፣ አይጨማደድምም።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ አምስቱ ጣቶች እሳት፣ አየር፣ ውኃ ምናምን ናቸው ይላሉ። የቀለበት ጣቴን ብይዝ ፀጉሬ ይበዛል፣ ስኳሬ ይወርዳል የሚል ቪዲዮም አይቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። አውራ ጣት እሳት፣ ሌባ ጣት አየር፣ መሀል ጣት ሕዋ፣ የቀለበት ጣት መሬት፣ ትንሿ ጣት ውኃ የሚለው የህንዶቹ ባህላዊ አመዳደብ ነው። እንደ ባህል ደስ ይላል። ስኳር ግን አያወርድም። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። ይህን ጉድ እየቆረጡ የሚለጥፉት ሰዎች በጣም ያናድዱኛል፤ ሰው አምኗቸው ኪኒኑን ቢተው ማን ሊጠየቅ ነው?

ጥያቄ (እዚያው ከአዘዞ)፦ እሺ፣ ታዲያ ስሠራው ለምን ቀለል ይለኛል?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ትንሽ ላስረዝመው።

በመጀመሪያ፣ እጅ አንጎላችን ውስጥ ያለው ድርሻ ቀላል አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1930ዎቹ ዊልደር ፔንፊልድ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሞንትሪያል ውስጥ ይሠራ ነበር። ነቅተው ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሰዎች አንጎል በቀላል ኤሌክትሪክ እየነካካ፣ የቱ ቦታ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ጋር እንደሚገናኝ ካርታ አወጣ። እጅና ከንፈር ከጀርባና ከሆድ ጋር ሲተያዩ እጅግ ሰፊ ቦታ ይዘው ተገኙ። ስለዚህ ሐሳብሽን ጣትሽ ጫፍ ላይ ስታሳርፊ ከአንጎልሽ ሰፊ ቦታ ይያዛል። ስለ ቤት ኪራይ የሚብሰለሰለው ሐሳብ ቦታ ይጠበዋል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው እሱ ነው። እጅ ዝም ሲል ትንፋሽም ይረጋል። በረጅሙ ስንተነፍስ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገየዋል። አስገብቶ ማስወጣቱን በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ማድረስ ለብዙ ሰው ይበቃል። አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ ስድስት እየቆጠርሽ አስወጪ። ስድስቱ ካስጨነቀሽ አምስት ይሁን።

ሦስተኛው ልማድ ነው። ሁልጊዜ ስትረጋጊ አንድ ዓይነት ምልክት ከያዝሽ፣ ሰውነትሽ ሁለቱን ማያያዝ ይለምዳል። በሌላ ቀን ስብሰባ ላይ ተቀምጠሽ ከጠረጴዛው ሥር ጣትሽን ስታጋጥሚ ትከሻሽ ሳታውቂው ወረድ ይላል። ጣቱ የሚያስታውስ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ነው።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሙድራ ማድረግ ኃጢአት አይሆንብኝም?

መልስ፦ የኃጢአቱን ነገር ለንስሐ አባትህ ተወው፤ እኔ ቄስ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። «ስፖርት ብቻ ነው፣ ከእምነት ጋር አይገናኝም» የሚሉህ ሰዎች ሙሉውን እየነገሩህ አይደለም። ሙድራ በአገሩ ከአምልኮ ጋር የተሳሰረ ነው። ሁለት መዳፍን ደረት ላይ ማጋጠም እዚያ ለሰው ሰላምታ ነው፣ በአማልክቱም ፊት ይደረጋል። ልብህ ከከበደው ይቅርብህ። ምንም አይጎድልብህም።

ለምን መሰለህ? አንተ ማማተብ አለህ። ችግሩ ብዙዎቻችን አፍንጫችን ላይ አንዴ ወዝወዝ አድርገን እናልፈዋለን። እስቲ ዝግ ብለህ ሞክረው። ጣትህን አመሳቅለህ ግንባርህ ላይ፣ «በስመ አብ»። ወደ ደረትህ አውርድ፣ «ወወልድ»። ግራ ትከሻ፣ «ወመንፈስ ቅዱስ»። ቀኝ ትከሻ፣ «አሐዱ አምላክ አሜን»። ከላይ ወደ ታች መውረዱ የወልድን ከሰማይ ወደ ምድር መምጣት፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱ ከሲኦል ወደ ገነት መሻገራችንን ያስባል። ይህንን እያሰበ የሚያማትብ ሰው ሳይታወቀው ትንፋሹን ሰብስቧል። ጥቅሙ ግን ተጨማሪ ነው፤ ጸሎቱ ጸሎት ነው፣ የጭንቀት ኪኒን አይደለም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ አስጎብኚ ነኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ቱሪስቶች የሥዕሎቹን እጅ እያዩ «ይሄ ሙድራ ነው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አይደለም በላቸው። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና እንዲሉ አድርግ። የተደረደሩት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ እጅ የላቸውም። ሥራውን በሙሉ ዓይናቸው ነው የሚሠራው። የእጅ ቋንቋ ከፈለጉ ሥዕለ ሥላሴን አሳያቸው፤ በእኛ አሣሣል ሦስቱም ቀኝ እጃቸውን ለቡራኬ ያነሳሉ።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የእመቤታችን እጅ ነው። ምስለ ፍቁር ወልዳ በሚባለው ሥዕል ልጇን ስትታቀፍ እጆቿ ይተላለፋሉ፣ የቀኝ እጇም ሁለት ጣቶች ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ። የሥዕሉ መነሻ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ነው። ቅጂው በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል ወደ እኛ አገር ገባ፤ የጎንደር ሠዓሊዎች ደግሞ የራሳቸው አደረጉት። ፊቱን ቀየሩት፣ ልብሱን ቀየሩት፣ ጣቶቹን ግን ጠበቁ። በነገራችን ላይ የቡድሃ ሐውልት ላይም መዳፉን ወደ ፊት የከፈተ ቀኝ እጅ ታያለህ። እዚያ «አትፍራ» ማለት ነው። መመሳሰሉን መናገር ትችላለህ፤ አንዱ ከሌላው መጣ ግን አትበል።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ከሰላት በኋላ ዚክር በጣቴ እቆጥራለሁ። ይሄስ እንደዚያው ያረጋጋል?

መልስ፦ እንዴታ። ሱብሃነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 34። ምላስሽም ጣትሽም ሥራ ይዟል፣ ሐሳብ የት ይገባል? ብቻ አትሩጪበት። ጎረቤትሽም ያው ነው፤ በአራቱ ጣቶቹ አንጓዎች ላይ አውራ ጣቱን እያሳለፈ እግዚኦታውን 12 ይላል።

ጥያቄ (ቦታዬ ይቅር)፦ ሌሊት ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። እንቅልፍ የለኝም። ለልጄም ተረፈ። በእጅ የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ አይዞሽ። ብቻሽን አይደለሽም፤ በዚህ ሰሞን ይህን ሳይጠይቀኝ የሚያልፍ የለም። ጃፓኖች ጣትን በሌላኛው እጅ ጠቅልሎ የመያዝ ልማድ አላቸው። አውራ ጣት ለጭንቀት፣ ሌባ ጣት ለፍርሃት፣ መሀል ጣት ለቁጣ፣ የቀለበት ጣት ለሐዘን ብለው ይመድባሉ። ድልድሉን አልከራከርበትም። መያዙን ግን ወድጄዋለሁ። ልጅሽ አልጋ ላይ ሲንቀጠቀጥ አውራ ጣቱን በሙሉ መዳፍሽ ያዢለት። ቀስ እያልሽ ትንፋሽሽን እንዲሰማ አድርጊ። ቀጥሎ እሱ የአንቺን ይያዝ። ከልጅ ጋር ሲሆን ንግግር ከማብዛት ይሄ ይሻላል።

ይሄ ለዚያች ሌሊት ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ምግብ ከጠላሽ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ጣት አይበቃም። ያኔ ውለሽ ሳታድሪ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አእምሮ ሕክምና ሂጂ። ጠበልም ካለሽ ጠበልሽን ቀጥዪ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ አያቴ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ስቀመጥ «ምን ሟርት ነው!» ትለኛለች። ራሴ ላይ እጄን ከጫንኩማ ጉድ ነው።

መልስ፦ እሳቸው ሲያድጉ ያ የሐዘንተኛ አቀማመጥ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ያዩትን ነው የሚያስታውሱት። ሟርቱን ተወውና አቀማመጥህን እየው፤ አንገት ተሰብሮ፣ ደረት ተጣጥፎ፣ ትንፋሽ የት ይገባል? ይልቅ ቡና ስትሰጣቸው ግራ እጅህን ቀኝ ክንድህ ላይ አድርገህ ጎንበስ ብለህ ስጥ። ከመሬት ተነስቶ ደስ ይላል፣ ለሰጪውም ለተቀባዩም። እኔ ከህንዱ አስበልጬ ይህንን አስተምራለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ደቂቃ? ቀለበት ይወልቃል? ባጃጅ ውስጥስ ይቻላል?

መልስ፦ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቀለበትሽን አታውልቂ። ባጃጅ ውስጥ ይቻላል፣ ሹፌሯ አንቺ ካልሆንሽ።

ጥያቄ (እማማ ከቸቸላ፣ በልጅ ልጃቸው እጅ የጻፉት)፦ ጣቴን ቁርጥማት ይዞታል፣ አይታጠፍልኝም። እኔስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ኧረ እማማ፣ ለምን ይቀርብዎታል! ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ እጅዎን ትንሽ ያቆዩት። ከዚያ ሁለቱንም መዳፍ ወደ ላይ ከፍተው ጭንዎ ላይ ያሳርፉ። መታጠፍ የለም፣ መግጠም የለም። ጠዋት ጠዋት ጣቱ የሚደርቅና መገጣጠሚያው የሚያብጥ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሐኪም ቤት ይውሰድዎት፤ የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል።